ልጅ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ስናስገባ፦ የኮምቦልቻ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ውስጥም አለሁበት። በር ላይ ልጅ ስንጠብቅ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ይህ የትምህርት ቤቱ መግለጫ አይደለም፤ ወላጅ ለወላጅ የሚያወራው ነው።

ሙስሊም ነን። ልጃችን ላይ ሃይማኖት አይጭኑበትም?

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ቢመጣ አይገርምም፤ በግልጽ መጠየቅም አለበት። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ካቶሊኩ ጥቂት ነው። ግቢው ውስጥ የሚሯሯጠው አብዛኛው ልጅ የሙስሊምና የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መካሄድ አለበት ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጅ ልጁን በራሱ እምነት ኮትኩቶ የማሳደግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ትምህርቱም ሌላው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ያው የክልሉ ሥርዓተ ትምህርት ነው። 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ልጃችሁ የሚቀመጠው ለዚያው ለክልላዊ ፈተና ነው። ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርትም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ ነው፤ የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ማለት አይደለም።

ነገር ግን ሕግ ስላለ ብቻ ዝም ብላችሁ አትመዝግቡ። ምዝገባ ቀን እነዚህን ነገሮች ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት አለ ወይ? ካለ የእኔ ልጅ ያኔ ምን ያደርጋል? ሴት ልጄ ሂጃብ ብታደርግስ? ዓርብ ጁምዓ መሄድ የሚፈልግ ትልቅ ልጅ እንዴት ይሆናል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ምሳ የሚወጣው ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሰዓት ከዚህ ጋር ይገጥማል ወይ? መልሱን ስሙና፣ ቢቻል በደንቡ ወረቀት ላይ አሳዩኝ በሉ። ጥሩ ትምህርት ቤት በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ከተቀየመ እሱም ራሱ መልስ ነው።

እኔ በግሌ የማምነው፣ አባትየው ሙስሊም እናትየው ክርስቲያን የሆኑበት ቤት በሞላበት አገር፣ ልጆች አብረው አንድ ዴስክ ላይ መቀመጣቸው በጣም የሚጠቅማቸው ነገር ነው። ግን ይህ የሚሠራው ወላጅ ሳይፈራ ሲጠይቅና ትምህርት ቤቱም ሳይሸፋፍን ሲመልስ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ጋ ልግባ?

መጀመሪያ ሆም ሩም መምህሩን አናግሩ። የጠፋ ሹራብ፣ የተቀደደ መጽሐፍ፣ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ፣ የማይታረም የቤት ሥራ፣ ይህ ሁሉ እዚያው የሚያልቅ ነገር ነው። እሱን ዘላችሁ በላይ በኩል ስትመጡ መምህሩ ነገሩን የሚሰማው ከአለቃው አፍ ነው፤ ያኔ ጉዳዩ ስለ ልጁ መሆኑ ይቀርና ስለ መምህሩ ክብር ይሆናል።

ካልተፈታ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ በላይ ያለው ነው ከሌላው የግል ትምህርት ቤት የሚለየን። ባለቤቱ ነጋዴ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ናት። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉበት የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተለይቶ የተቋቋመ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የሚያስተዳድሩ አባ ወይም ሲስተር ካሉ እነሱ ጋ መግባት ይቻላል። እዚያም መልስ ከጠፋ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ከዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣ አንድ ነገር አለ። የልጁን አካል ወይም ደህንነት የሚነካ ከሆነ ደረጃ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግቡ።

ብናገር ልጄ ላይ ቂም አይያዝብኝም?

ይህን ጮክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወደ ጆሮ ጠጋ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እውነቱን ለመናገር ወላጅን ዝም የሚያሰኘው ጊዜ ማጣት አይመስለኝም፤ ይህ ፍርሃት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። «አባ ናቸው እኮ፣ ሲስተር ናቸው እኮ፣ እንዴት አድርጌ እቃወማለሁ?» ይባላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሃይማኖት ሰው ያከብራል። ጥሩ ነው። ግን የሽንት ቤቱ ውሃ መቋረጥ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፤ አንቱ ተብሎ፣ በአክብሮት፣ ቀጥ ብሎ መነገር ይችላል።

የሽንት ቤቱን ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነስታ «ልጄ ትምህርት ቤት ውሃ መጠጣት ትታለች፣ ሽንት ቤቱን ስለምትጠየፈው ቤት እስክትደርስ ትይዘዋለች» አለች። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከዚያ አንዷ «የእኔም»፣ ሌላዋም «የእኔም» አለች። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ስንት እናቶች ይህንን ያውቁ ነበር፣ ግን እያንዳንዷ የእኔ ልጅ ብቻ ናት ብላ ቤቷ ይዛው ቁጭ ብላለች። ነገሩ የተስተካከለው በዚያች እናት ነው፤ ልጇም ምንም አልሆነችም።

ፍርሃቱ ግን ባዶ አይደለም። መምህርም ሰው ነው፣ ሊከፋው ይችላል። ስለዚህ አነጋገራችን ላይ እንጠንቀቅ። «አንተ እንዲህ አደረግህ» ከማለት «ልጄ ቤት መጥቶ እንዲህ አለኝ፣ እርስዎስ ክፍል ውስጥ እንዴት አዩት?» ማለት ብዙ ነገር ያቀላል። የሌላ ሰው ልጅ ስም አትጥሩ። የተነጋገራችሁበትን ቀንና የተባለውን ደብተር ጫፍ ላይ ጻፉ። ብቻችሁን መግባት ከከበዳችሁ የክፍሉን የወላጅ ተወካይ ይዛችሁ ግቡ። ከተናገራችሁ በኋላ ልጁን ተከታተሉ፤ መምህሩ ፊቱን ካዞረበት፣ እጅ ሲያወጣ ካለፈው፣ ያንንም ሄዳችሁ ተናገሩ። ይህን ጊዜ ለርዕሰ መምህሩ።

ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ ከመፈረም ሌላ ምን ይጻፋል?

ብዙ ነገር! ፊርማ ብቻ ያለበት ደብተር ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። «ትናንት ክፍልፋዩን ብቻዋን መሥራት አቃታት፣ የማባዛት ሰንጠረዡ ላይ ነው የምትደናቀፈው» ብላችሁ ብትጽፉ መምህሩ ነገ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለም ጻፉ። አባት ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ አያት ታመዋል፣ አዲስ ሕፃን ተወልዷል። ዝርዝሩ አያስፈልግም፣ አንድ መስመር ይበቃል። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲፈዝ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ እንዳይደመድም ነው።

ሰው እንዲያየው የማትፈልጉትን ግን ደብተሩ ላይ አትጻፉ። ልጁ ያነበዋል፣ ጓደኞቹም ያነቡታል።

አያት ነኝ። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። እኔን ማን ይሰማኛል?

እማማ፣ ይምጡ። በር ላይ ልጅ ሲያደርሱ ለመምህሩ በቃል ይንገሩት፣ እሱ ይጻፈው። ደብተሩን ለጎረቤት ልጅ ያስነብቡ። ስብሰባም ሲጠራ አይቅሩ። ልጁን ማታ የሚያስተኙት እርስዎ ነዎት፤ ምን እንደሚያስፈራው፣ ምን እንደሚያስቀው ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤቱም አሳዳጊ የሆኑትን አያቶች፣ አክስቶችና ታላላቅ እህቶች እንደ ወላጅ መመዝገብ አለበት። ካልመዘገበዎት ይመዝግቡኝ ይበሉ።

ሽፍት ሠራተኛ ነኝ። ስብሰባ የሚጠራው ሁሌ ሥራ ላይ ስሆን ነው።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚህ ከተማ ውስጥ ሁሉም ወላጅ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነፃ ነው ብሎ ስብሰባ መጥራት ወላጁን አለማወቅ ነው። ይህንን በግልጽ እናገራለሁ፣ ተናግሬያለሁም። ደሴ እየሠራ እዚህ የሚኖር፣ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ማታ የሚወርድ ወላጅም አለ።

ምን ይደረግ? ስብሰባ ቅዳሜ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉም ይሻላል። ካልተቻለ ትምህርት ቤቱ ያንኑ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ያድርገው፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ከ11 ሰዓት በኋላ። ባልና ሚስት ሽፍታችሁ ከተለያየ እየተፈራረቃችሁ ሂዱ። ስብሰባ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አባቶች ካርድ መቀበያ ቀን ብቻ ብቅ ማለት ይብቃን። እሱም ካልሆነ የክፍሉን ተወካይ ስልክ ያዙና ሐሳባችሁን ከስብሰባው በፊት ላኩ፤ ስማችሁ ተጠርቶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት ልጅ ስታደርሱ መምህሩን በር ላይ አግኝታችሁ የምታወሩት ትንሽ ደቂቃም ቀላል አይደለም።

ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ብጽፈው አይፈጥንም?

ለማስታወቂያ ይፈጥናል። ነገ ትምህርት የለም፣ ፈተናው ተገፍቷል፣ ሰማያዊ ሹራብ የጠፋበት አለ፣ ለዚህ ጥሩ ነው። ለቅሬታ ግን አይሆንም። ማታ በንዴት የተላከ ቮይስ ጠዋት ከተማውን ያዳርሳል፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መምህር በስም ተጠርቶ ግሩፕ ላይ ከተሰደበ በኋላ ይቅርታ ቢባል እንኳ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሰምተውታል፣ እሱም ነገ እዚያው ክፍል ፊታቸው ይቆማል። የልጆች ፎቶም እንዲሁ። የራሳችሁን ልጅ እንጂ የሰው ልጅ ፎቶ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

ስሜ ሳይታወቅ አስተያየት መስጠት እችላለሁ?

ሳጥን ካለ ትችላላችሁ፣ ከሌለ እንዲሰቀል ጠይቁ። ሳጥኑን የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ መሆን የለበትም፤ ከወላጅም አንድ ሰው አብሮ ይክፈት። ስም የለሽ ወረቀት ግን አንድ ችግር አለው፣ ተመልሶ የሚጠይቃችሁ የለም። ስለዚህ የትኛው ክፍል፣ መቼ፣ ምን እንደሆነ ጥርት አድርጋችሁ ጻፉ። «አስተማሪዎቹ ጥሩ አይደሉም» የሚል ወረቀት ማንንም አይረዳም።

መምህር ልጄን ቢመታውስ?

አይፈቀድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው የሚለው ክርክር ይህንን አይሽረውም። ርዕሰ መምህሩ ጋ በዚያው ቀን ሂዱ፣ ምን እንደተደረገ በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ ጉዳት ካለ ጤና ጣቢያ አሳዩ። እባካችሁ ደግሞ ለመምህር «ካጠፋ ግረፍልኝ» አትበሉ። ዛሬም የሚል አለ።

ክፍያ ሲጨምር ምን ማለት እንችላለን?

መጨመሩን ከመስማታችን በፊት ውይይት ይጠራልን ማለት እንችላለን። ዝርዝሩንም ጠይቁ፤ ስንቱ ለመምህራን ደመወዝ፣ ስንቱ ለጥገና፣ ስንቱ ለመጽሐፍ እንደሚሄድ። የኑሮ ውድነቱ መምህሩንም እንደሚነካው እናውቃለን፣ ጥሩ መምህር በደመወዝ ምክንያት ጥሎን ሲሄድ የምንጎዳው እኛው ነን። አቅም ያጠረው ወላጅ ደግሞ ልጁን ከማስወጣቱ በፊት ድጋፍ እንዳለ ለብቻው ገብቶ ይጠይቅ። ትምህርት ቤቱም ያልከፈለን ልጅ ሰልፍ ላይ ስሙን መጥራት የለበትም። ዕዳው የልጁ አይደለም።

ጾምና በዓል እንዴት ነው የሚያዘው? ምሳ ዕቃ ላይ ችግር አለ?

ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ። ሁዳዴ ሲገባ የሙስሊሙም ልጅ ጓደኛው እንዲቀምስለት ሽሮ አስቋጥሩኝ ይላል። ትንንሾቹ እንዳይሳሳቱ ግን ቤት ውስጥ ንገሯቸው፤ ሥጋ ከሆነ መጀመሪያ ጓደኛህን ጠይቀው፣ ካልፈለገ አታስገድደው።

ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አንዱን ዓመት ከፈተና ጋር ይገናኛል። የሚጾሙ ከፍ ያሉ ልጆች ስላሉ ከባዱ ፈተና ጠዋት እንዲሆን፣ ስፖርቱም እንዲቀልላቸው ወላጆች ቀደም ብላችሁ አሳውቁ። ገና ሲደርስ ዝግጅት አለ፤ ልጃችሁ መዝሙር ውስጥ እንዲገባ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ግጥም ያንብብ ወይ ድራማ ላይ ይሳተፍ። ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚያነበው ብዙ ጊዜ የክርስቲያን ልጅ ነው፤ ይህ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ።

ከስብሰባው ውጭ ወላጆች የሚገናኙበት ነገር አለ?

አለ፣ ደግሞም ዋናው እሱ ነው። ዓመቱ ሲገባደድ የወላጆች ቀን አለ። ግቢ ጽዳትና ችግኝ ተከላ አለ። ግን እኔ ከሁሉም የምወደው ቡናው ነው። ዳቦና ቆሎ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ወላጅና መምህር አንድ ላይ ይቀመጣል። አቦል ላይ ሰው ስለ አየሩ ያወራል፤ ሦስተኛው በረካ ሲደርስ አንዱ አባት «ስሙኝማ፣ ይህ የሒሳብ ነገር እኮ...» ብሎ ይጀምራል። አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጥቶ የማይናገር ሰው እዚያ ይናገራል። መምህራንም የሚያስጨንቃቸውን የሚነግሩን ያኔ ነው።

ሐዘን ሲመጣም እንደ ቅሬ፣ ማለትም እንደ እድር ነን። ከልጆቹ ቤት ሰው ሲሞት የክፍሉ ወላጆች ተጠራርተን እንደርሳለን፣ መምህሩም ይመጣል፣ ልጁ ሲመለስ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ እንነጋገራለን። አዲስ ከሆናችሁና ማንንም ካላወቃችሁ ለቅሶ ላይም ቢሆን መጥታችሁ ቁጭ በሉ።

ልጄ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። ለትምህርት ቤት መንገር አለብኝ?

አዎ፣ ንገሩ። ኅዳር 2014 ላይ ኮምቦልቻም ደሴም ምን እንደነበሩ ለእኛ አይነገረንም። ያኔ ሕፃን የነበሩት አሁን ክፍል ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ በር ድንገት ሲዘጋ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ከእናቱ አልለይም ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይማታል። መምህሩ ካላወቀ ባለጌ ነው ይለዋል። ለመምህሩና ለርዕሰ መምህሩ ብቻ፣ ለብቻቸው ንገሯቸው። በር አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ርችት የሚተኮስበት በዓል ሲኖር ቀድሞ እንዲነገረው መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጅ ያጣ፣ ቤት የተዘረፈበት፣ ተፈናቅሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወላጅ በመካከላችን አለ፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ስለዚያ ጊዜ ስናነሳ ቃላችንን እንምረጥ።

ወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ፍላጎትና ጊዜ። ምርጫ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሲጀመር ነው፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ጠይቁ። የተማረና ባለ ሀብት ብቻ የሚገባበት እንዳይሆን እባካችሁ ሻይ የምትሸጠዋንም፣ የባጃጅ ሹፌሩንም ጠቁሙ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እናትም አባትም ይኑርበት። የኅብረቱ ሰው የትምህርት ቤቱ ተከራካሪ አይደለም፣ ከመምህር ጋር የሚጣላም አይደለም።

አስተያየት እንሰጣለን፣ ከዚያ ምን እንደደረሰ አይነገረንም። ምን እናድርግ?

ትክክል ናችሁ፣ ሰው የሚሰለቸው በዚህ ነው። ስብሰባ ሲያልቅ ከመነሳታችሁ በፊት «ይህንን ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁና ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ትምህርት ቤቱም የተባለውንና የተደረገውን በአንድ ገጽ ጽፎ በር ላይ ይለጥፈው፤ ያልተቻለውንም ለምን እንዳልተቻለ ይጻፍ። አይቻልም የሚል መልስ ከዝምታ ይሻላል። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲሆን ከኅብረቱ ጋር ተስማሙ። ካልተነበበ እጃችሁን አውጡና ይነበብልን በሉ።